የባል ስም ከነአባቱ

ቀድሪያ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ። አከም ጅርታ? ቤት ደህና? የዘንድሮ ዝናብ ጉድ ነው እኮ... ጎጆ ከተማ ዙሪያ ደግሞ ውርጩ ድንቹን ጠበሰው አሉ። ምነው ወደ ኋላ ትዞሪያለሽ? ከኋላችን ያለ እንግዳ ሻዩን ይጠጣ፤ እኛ የራሳችንን ወሬ ነው የምናወራው።

የአማካሪነት ሥልጠናው ዛሬ አለቀ አይደል? ያቺን "አማካሪ ከሁሉ በፊት የብሔረሰቡን ባህል ይወቅ" የምትለዋን ደብተሬ ላይ ሁለቴ አስምሬባታለሁ። ሰሌዳው ላይ እንዴት ያለ የሚያምር ጽሕፈት ነበር... እንዲህ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው፣ የጻፈውን ማንበብ ምን ያደርግለታል?

እኔን ግን ያቺ የጎጆዋ ልጅ ከሐሳቤ አልወጣ አለች። ማክሰኞ ለልምምዱ አማቷ ያመጣት። ሊያሠለጥኑን ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ትልቅ ሰው "ምክር እንዴት እንደሚሰጥ ላሳያችሁ" ብለው ካርድ አወጡ፤ እኔ አስተረጉማለሁ። ስም... ተናገረች። ዕድሜ... ተናገረች። የባል ስም ከነአባቱ... መሬት መሬት ታይ ጀመር። እዚህ አገር ምራት የአማቷን ስም እንደማትጠራ የጌዶ በግ ነጋዴ እንኳ ያውቃል፤ እሱ ምን ያድርግ፣ ዲግሪ የለው። ሦስት ጊዜ ጠየቋት። እንዲያው ትዕግሥታቸው። ባለስሙ አጠገቧ ቁጭ ብሏል እኮ፤ እሱን መጠየቅ ግን ለምን? ካርዱ የሷ ነዋ።

ላስረዳ ብዬ ብነሳ "ጓድ ሲንቄ፣ አስተርጓሚ አያስረዳም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሉ የለ ድሮ? ትራክተር ሳያዩ ነው። ትራክተር ሰርዶውንም ቡቃያውንም እኩል ይገለብጣል።

"አትናገርም፤ አእምሮዋ ይመርመር" ብለው ጻፉ፣ ማኅተም አደረጉበት፣ ለአማትየው ንገሪው አሉኝ። ነገርኩት... በዚህ አፌ። "እብድ ከሆነችማ ለአባቷ እመልሳታለሁ" ብሎ ይዟት ወጣ።

ተከትያቸው ወጣሁ። ምን አለችኝ መሰለሽ? ልጇ ከሞተ ወሩ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዐይኗ አልዞረም። ይህችን ልትናገር ነው የመጣችው፤ ይህችን የሚጠይቃት ጠፋ። አማቷን ስሕተት ነው ብዬ ብለምነው "ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዋሻል?" አለኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል... የሷ ዝምታ ግን ካርድ ላይ ተጽፎ በአንድ ቀን ነቀዘ። አሁን ይሄኔ ጓዟን ጠቅልላ ይሆናል። እኔም ቆጭቶኛል፤ ብነግረውስ ለምን እንዳለ ነገርኩት?

ሪፖርቱ ላይ ልምምዱ ተሳክቷል ተብሏል አሉ። ለምን አይሳካ... እኛ አልተማርንም እንዴ? እኔስ ዕድሜ ልኬን የማልረሳው ነው የተማርኩት።

ነገ ወደ አዲስ አበባ ተመላሽ ሰው አለ፤ ሳንመርቅ አንሸኝ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግላቸው። ሐዘን ደጃቸውን አይርገጥ... ሰው ናቸውና ከረገጠም፣ የሆዳቸውን ሊያወጡ በሄዱበት ቀን፣ ልክ እንደ ራሳቸው ያለ አዋቂ አማካሪ ይግጠማቸው። አሚን በይ እንጂ ቀድሪያ... ጮክ ብለሽ።