ደህና ዋይ ያልተባለች ሕፃን

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናቸው መርፌ ተሰብሮባቸው ሌላ ሊገዙ ወጥተው ነበር። ሰው ሲወጣ የሚገጥመውን አያውቅም። ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ ሰማያዊ በር ሥር፣ የገዛ ልጃቸውን አዩና ባሉበት ክው ብለው ቀሩ። ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ክንዷ ባዶ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ከጉያዋ ተለይታ የማታውቀው የዘጠኝ ወር ሕፃኗ አብራት የለችም።

ግራ ቀኝ እንኳ ሳያዩ መንገዱን ተሻገሩ።

«ልጅቷስ?»

«እንደምን ዋሉ አባዬ?»

«ሰላምታው ይቆየኝ! አዝራሬስ?» አሉ። ልብስ ሰፊ ናቸውና የልጅ ልጃቸውን የሚጠሯት አዝራሬ እያሉ ነው።

«ውስጥ ናት። የሕፃናት ማቆያ ነው። እያለማመድኳት ነው፤ እስከ ትናንት አብሬያት ነበርኩ፣ ዛሬ ለአጭር ጊዜ ትቻት ወጣሁ። ሰኞ ሥራ እገባ የለ?»

አዛውንቱ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። ልጃቸው የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት። ያለ ደመወዝ ያስረዘመችው የወሊድ ፈቃድ አልቋል፤ ሰኞ ካልተገኘች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ግን ቀኑ ሲደርስ አንጀቷ አልችል ብሎ ሥራውን ትተወዋለች ብለው በሆዳቸው ተስፋ ያደርጉ ነበር፤ ለማንም አልተናገሩትም እንጂ።

በዚህ መካከል ከግቢው ውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ወደ በሩ ተንደረደሩ።

«የሷ ድምፅ ነው!»

«አዎ፣ ደህና ዋይ ብያት ስወጣ ነው የጀመረችው። አሁን እየበረደላት ነው።»

«ደህና ዋይ ብለሻት? ፊት ለፊት? ኧረ በሕግ አምላክ! ልጅ እንዲህ ነው የሚተው? በአሻንጉሊት አዘናግተሽ ሹልክ ማለት አቅቶሽ ነው?»

አንባቢ በሽማግሌው አይፍረድባቸው። ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ እንደ ሌባ በእግር ጣታችን እየተራመድን ከገዛ ቤታችን ያልሾለክን ስንቶቻችን ነን? ልጁ ካላየ አያለቅስም፤ ካላለቀሰ አልተጎዳም። እኛ ሁላችንም የምናውቀው ይህንኑ ነው።

ጩኸታቸው የማቆያውን ኃላፊ አስወጣት። ስለ ሕፃናት አስተዳደግ የተማረች ወጣት ናት፤ ሽርጥ ታጥቃለች፣ እጇ ከመታጠብ ገና አልደረቀም።

«ደንግጠዋል አባባ። ጫማዎን ያውልቁና ገብተው በዓይንዎ ይዩ» አለቻቸው።

ገቡ። ወለሉ ምንጣፍ ለብሷል፤ መደርደሪያው ሁሉ ከጉልበት በታች ነው። አዝራሬ አንዲት ሞግዚት ጭን ላይ ተቀምጣ የእናቷን ሻርፕ ጉንጯ ላይ ለጥፋ ትንሰቀሰቃለች፤ ለቅሶው ግን ቆሟል። ተከትላ የገባችውን እናቷን ስታይ እጇን ዘረጋች፤ እናትየውም «መጣሁ! እንዳልኩሽ መጣሁ» ብላ አቀፈቻት። ለአዛውንቱ የተገኘው መቀመጫ የልጆች በርጩማ ብቻ ስለነበር ጉልበታቸው ጆሯቸው ድረስ ወጥቶ ተቀመጡ። ቁጣን በዚያ አቀማመጥ መቆጣት እንዴት እንደሚከብድ የተቀመጠ ያውቀዋል።

«ልጄ፣ እኔ አልተማርኩም፤ ልጅ ግን አሳድጌያለሁ» ብለው ጀመሩ። «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ተብሏል። እናቷ ስትወጣ ባታያት ኖሮ ይህ ሁሉ እንባ የት ይመጣ ነበር?»

«ተረቱ ለትልቅ ሰው ነው አባባ። ትልቅ ሰው የሄደበት ሰው የት እንደሄደና መቼ እንደሚመለስ ያውቃል። እሷ በምን ታውቃለች? እኛ ስንነግራትና ያልነውን ስንፈጽም ብቻ ነው።»

«የዘጠኝ ወር ልጅ ምን ቋንቋ ታውቅና?»

«ቃሉን አታውቅም ይሆናል። ዘወትር በአንድ ዓይነት ሲደረግ ግን ነገሩን ታውቀዋለች። እናቷ ትስማታለች፣ ‹ሄጄ እመጣለሁ› ትላታለች፣ ወጥታ ትመለሳለች። ያልነው እየተፈጸመ ሲሄድ ፍርሃቷ ይቀንሳል። መጀመሪያ ታለቅሳለች፤ ካልደፈረሰ አይጠራም።»

«ዘንድሮ ማስለቀስም ትምህርት ሆነ!»

እናትየው ከት ብላ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። «እኔም እኮ ተማሪ ነኝ አባዬ» አለች። «ፊቴ ሲጨነቅ ካየች ቦታው የሚያስፈራ ይመስላታል። ስለዚህ ሳቅ ብዬ ወጥቼ ደረጃው ላይ አለቀስኩ። ሻርፔን የተውኩላት ጠረኔ እንዲያጽናናት ነው። እንዴት እንደምትተኛ፣ ምን ስትበላ ፊቷን እንደምታዞር ለሞግዚቷ አስረድቻለሁ። ዝም ብዬ አልጣልኳትም።»

ሽማግሌው ከበርጩማው ተነሥተው ጫማቸውን አጠለቁ። ልባቸው ግን አልተረታም።

በማግስቱ ዓርብ እናትየው ስለ ሰኞው ሥራ ከአለቃዋ ጋር መነጋገር ስለነበረባት ሕፃኗን ለአባቷ ሰጠቻቸው። «ከሷ ጋር ትንሽ ይቆዩና ተሰናብተዋት ይውጡ፤ አደራ» አለች። «እሺ፣ እሺ» አሉ። እሺ የተባለው ሁሉ ቢፈጸም ኖሮ ዓለም ገነት በሆነች ነበር።

ማቆያው ደርሰው፣ ሞግዚቷ የሌላ ልጅ አፍንጫ ስትጠርግ ጠብቀው፣ አዝራሬም የእንጨት ኩብ በማንሳት ላይ ሳለች፣ ከበርጩማቸው ተነሥተው ሹልክ አሉ። ከዚያ ድላቸውን ሊያጣጥሙ በመስኮቱ አጮለቁ።

ሕፃኗ ኩቧን አንሥታ ልታሳያቸው ዞረች። በርጩማው ባዶ ነው። በእጅና በጉልበቷ ሄዳ ከሥሩ ተመለከተች። ከዚያ ወደ በሩ ሄደችና መዳፏን ለጠፈችበት። አላለቀሰችም።

«አላልኩም?» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ሞግዚቷ ደንግጣ መጥታ ስታነሣት ቀሚሷን በጡጫዋ ጨምድዳ ያዘች። ኩቡን ሰጠቻት፣ አልነካችውም። ምግብ አቀረበችላት፣ አፏን አልከፈተችም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንገቷ ይዞራል፤ መስኮቱ ሲንቀሳቀስም ይዞራል። ያቺ ቀኑን ሙሉ የምትንጫጫ ልጅ ድምፅ አጣች። ልብስ ሰፊው በሕይወታቸው ብዙ ለቅሶ ሰምተዋል፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ግን አይተው አያውቁም። ሮጠው ገቡ።

ልጅቷ ስታያቸው አልሳቀችም። አንሥተው ሲያቅፏት ኮሌታቸውን ጨምድዳ ያዘች፤ ሊያስቀምጧት ጎንበስ ሲሉ ጊዜ ግቢውን በጩኸት አናጋችው።

ማታ ቤት ውስጥ እናትየው ወደ መታጠቢያ ቤት አንድ እርምጃ ስትራመድ ያው ጩኸት ተነሣ።

«ይቺ ልጅ ምን ሆነች? አባዬ፣ ምን አደረጓት?»

ነገሯት። አልዋሹም። እናትየው ሕፃኗን አንሥታ እቅፏ ውስጥ አስገባቻት።

«እኔ እኮ... አላለቀሰችም ነበር» አሉ በትንሽ ድምፅ።

«ያላለቀሰችው ደህና ስለሆነች ነው አባዬ? ስንሰናበታት ታለቅሳለች፣ ኋላም ይወጣላታል። አሁን ማናችን መቼ እንደምንጠፋ ስለማታውቅ ዓይኗን ከኛ ላይ መንቀል ፈራች።» ከዚያ ተቀመጠችና ፊቷን አዞረች። «ይቅር። ሰኞ አልገባም። ሥራው ይቅርብኝ።»

ሲመኙት የኖሩት ቃል ይኸው ተነገረ። አዛውንቱ ግን የሞት መርዶ የሰሙ ያህል ደነገጡ። ለዚህ ነበር ተስፋ ያደረጉት? ስንት ዓመት የተማረችበትን፣ ስንት ሕመምተኛ የሚጠብቃትን ሥራ የራሳቸው እልኸኝነት ሊያሳጣት?

«አይሆንም!» ብለው ተነሡ። «የተረተርኩትን እኔው እሰፋዋለሁ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሽማግሌው ውሃ ሊጠጡ እንኳ ሲነሡ «አዝራሬ፣ ሄጄ እመጣለሁ» ማለት ጀመሩ። ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ፤ «መጣሁ!» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ትጮህ ነበር። ቅዳሜ ማታ ማልቀስ ትታ ማጉረምረም ጀመረች። እሑድ አመሻሽ ላይ አያቷ ከጓዳ እስኪመለሱ ሻርፑን እያኘከች ጠበቀች። እናትየው ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች፦ «አባዬ፣ አሁንስ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱም ስንብት ሆነ!»

ሰኞ ጠዋት እናትየው ቤት ውስጥ ስማ ተሰናብታ ወደ ሥራዋ ሄደች። አያትየው ሕፃኗን ማቆያው አደረሱ፤ ትንሽ አብረዋት ቆዩ፤ ተንበርክከው ሳሟት፤ «አዝራሬ፣ ሄጄ እመጣለሁ፤ ደህና ዋይ» አሉ። አለቀሰች። እሳቸው ግን ሳይሮጡ፣ ሳይሸሸጉ ወጡ። ኃላፊዋን በሩ ላይ አግኝተው «ልጄ፣ ልክ ነበርሽ» አሏት። «እኔ ከእንባዋ የሸሸሁት ለሷ አዝኜ መስሎኝ ነበር። ለካስ ለራሴ ነው ያዘንኩት።»

ወላጆች ሆይ፣ የዚህ ነገር ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ቀስ ተብሎ የለመደ ልጅ ይበላል፣ ይተኛል፣ ከሌላ ሰው ጋር መኖርን ይማራል፤ እናቱም ልቧ ለሁለት ሳይከፈል ሥራዋን ትሠራለች። እውነት የተነገረው ልጅ ለጊዜው ያዝን ይሆናል፤ የተታለለው ግን ማመንን ይተዋል።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው ሥራቸውን ጥለው ከሁሉም ቀድመው በሩ ላይ ተገኙ። ኮሌታቸውን የሚጨመድድ እጅ ጠብቀው ክንዳቸውን ዘረጉ። «መጣሁ!» አሉ።

አዝራሬ ቀና ብላ አየቻቸው። ሁለቱን ጥርሶቿን አሳይታ ሳቀችላቸው። ከዚያ ፊቷን መልሳ ኩቦቿን መደርደር ቀጠለች።

ሽማግሌው እጃቸው እንደተዘረጋ ደንግጠው ቆሙ።

«ምነው አባባ?» አለች ኃላፊዋ።

«ምንም» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ጫማቸውን አውልቀው በርጩማው ላይ ተቀመጡና ጨዋታዋን እስክትጨርስ ጠበቋት።