ዕድሩን ባለ ድንኳን ያደረጉት የወይዘሮ ምብራት ገብረዮሐንስ ሕይወት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ወይዘሮ ምብራት ከአባታቸው ከአቶ ገብረዮሐንስ ተኽሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ሐጎስ በ1946 ዓ.ም. በዓዲግራት ከተማ ተወለዱ። በሰባት ዓመታቸው ከአጎታቸው ጋር አዲስ አበባ መጥተው እሪ በከንቱ ሰፈር አደጉ፤ የማታ ትምህርታቸውን ጨርሰውም በሒሳብ አያያዝ በዲፕሎማ ተመረቁ።

ከ1967 ጀምሮ ለሠላሳ አንድ ዓመታት አራት ኪሎ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በበጀት ክፍል አገልግለዋል። ሥራቸው ምን እንደሆነ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ መንግሥት ኢኮኖሚውን የሚይዘው በሁለት እጁ ነው ይሉ ነበር። በአንዱ እጁ ግብር ሰብስቦ ለመንገዱም ለደመወዙም ያወጣል፤ ይህ የፊስካል ፖሊሲ ነው። በሌላው፣ ማለትም በብሔራዊ ባንክ በኩል፣ የሚዘዋወረውን የብር መጠንና ወለዱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ይህኛው የገንዘብ ፖሊሲ ይባላል። ዋጋ ሲንር ሁለቱም እጆች ይሰበሰባሉ፣ ሥራ ሲጠፋ ይዘረጋሉ፤ አንዱ ተዘርግቶ ሌላው ቢጨበጥ ግን ትርፉ ድካም ነው።

በ1970 ዓ.ም. ከመምህር ዘገዬ አበጋዝ ጋር ትዳር መሥርተው መድኃኔንና ሚስጥርን ወልደዋል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የሰፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥ ሆኑ። በ2010 ዓ.ም. አባላቱ፣ በኪራይ ከምንጉላላ የራሳችን ድንኳን ይገዛ ሲሉ፣ እሳቸው ገንዘቡ ባንክ ቢቀመጥ ይወልዳል ብለው አስቀሩት። ወለዱ በዓመት ሰባት ከመቶ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ የዕቃ ዋጋ በዓመት ሠላሳ ከመቶ ያህል ይጨምር ጀመር። ያኔ ሙሉውን ድንኳን ይገዛ የነበረው ብር፣ ከነወለዱ፣ ሸራውን እንጂ ብረቱን የማይገዛ ሆነ።

በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የዕድሩ ዳኛ ሐጂ ሽኩር፣ «እትዬ ምብራት፣ ብራችን ባንክ ተኝቶ ከሳብን» ቢሏቸው፣ «ብሩስ አልከሳም ሐጂ፤ ዕቃው ነው የወፈረው። እኔ ግን ይህን ለሰው ሳስተምር ኖሬ ለዕድሬ አላሰብኩትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበራቸው፤ ሳይሞቱ ያንን ድንኳን ማቆም። ኑሮ በተወደደበት ሰዓት መዋጮ መጨመር ሰውን እንደሚጎዳ ስላወቁ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብቻ እንዲጨመር አስወሰኑ፤ የተሰበሰበውንም ሳያስተኙ መጀመሪያ ሸራውን፣ በዓመቱ ከአራት ምሰሶ በቀር ብረቱን፣ ከዚያ ወንበሩን በየተራ አስገዙ።

የስኳር ሕመማቸው ጠንቶ አልጋ ላይ ሳሉም የሚጠይቁት ስለ መጨረሻዎቹ አራት ምሰሶዎች ነበር። ምሰሶዎቹ በሰኔ መጨረሻ ተገዝተው ገቡ፤ እሳቸውም ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው መምህር ዘገዬ፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ዕድሩ ቀርተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥ። ከቀብር መልስ የምንቀመጠው በዚያው ድንኳን ነው፤ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ተተክሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ አላፈሰሰም።