በግማሽ ትል የተያዙ አምስት ዓሦች

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ በካንዛስ ግዛት፣ በሐምሌ ወር ሁለተኛው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሃርላን ስቶቫል የወጥ ቤቱን ስልክ በአራተኛው ጥሪ አነሣ። በመጀመሪያው ሊያነሣው ይችል ነበር፤ እጁም ስልኩ ላይ ነበረ። ግን ትናንት ያሸነፈ ሰው ለስልክ አይሮጥም ብሎ ሦስቱን ጥሪ በትዕግሥት አሳለፈ።

— ሄሎ... አዎ፣ ነኝ... ኤልደን፣ እንዴት ነህ አንተ?... ደህና ነኝ... ኧረ ተወኝ እባክህ፣ ምን ድል አለው። አምስት ዓሣ ናቸው።

ኤልደን ክሪትስ ባስ የተባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ያቋቋሙት የሲካሞር ሐይቅ ባስ አጥማጆች ማኅበር ጸሐፊ ነው። ከሃርላን ጋር ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብረው ናቸው። የትናንቱ የዳርቻ ውድድር ነበር፤ ሁሉም ጀልባውን ቤቱ ትቶ፣ በየጥጉ ተበታትኖ ብቻውን ያጠምድና ስድስት ሰዓት ላይ ሚዛን ፊት ይሰለፋል። ሃርላን ያመጣቸው አምስት ባሶች አሥራ ሰባት ፓውንድ መዘኑ። ሁለተኛ የወጣው ራሱ ኤልደን ሲሆን አሥራ ሦስት ላይ ቀረ። ያሸነፈ ሰው ማኅበሩን ወክሎ ለግዛቱ ሻምፒዮና ይሄዳል፤ ሃርላን ይህችን ቀን አሥራ አንድ ዓመት ጠብቋታል።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። በማኅበሩ ልማድ ድል የሚጸናው፣ አሸናፊው ሰኞ ማታ ማኅበሩ በሚሰበሰብበት ፒዛ ቤት ጓዳ ውስጥ አባላቱ ፊት ቆሞ ዓሦቹን በምንና እንዴት እንደያዛቸው ሲናገር ነው። ጸሐፊው ደግሞ በዋዜማው ደውሎ ለመዝገቡ ይጠይቃል።

— በምን?... አሃ፣ ለመዝገቡ... በብረቱ ማጥመጃ ነዋ። በትልቁ፣ በሚሽከረከረው... እሱ፣ የሚያብረቀርቀው... ቀለሙ? ነጭ። አይ፣ ቢጫም አለበት። ነጭና ቢጫ በለው።

ከጀርባው የላይተር ጠቅታ ቆመ።

ከጀርባው፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ወይዘሮ ኦፓል ዲንኪንስ ተቀምጠዋል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳውን ያሳለፉት በከተማው ትምህርት ቤት ለልጆች ምሳ በማውጣት ነው። ለድሉ ብለው ራባርብ የሚባል ጎምዛዛ ተክል የገባበት ጣፋጭ ፓይ ጋግረው መጥተው፣ እጃቸው ሥራ ስለማይፈታ፣ የተበጣጠሱ የጎማ ማጥመጃ ትሎችን በላይተር እያቀለጡ ጫፍ ለጫፍ ያጣብቁ ነበር።

ሃርላን ዓሣዎቹን የያዛቸው በእሳቸው ትል ነው። በእሳቸው ትምህርት ማለት ይሻላል። ተጎታች ቤት የሚሠራው ፋብሪካ ሲዘጋ ከሥራ ከወጣ በኋላ፣ በየካቲት ጀልባውን ከነማጥመጃው ሸጠ። ለሰው ግን ሞተሩ ጋራዥ ገብቷል ይላል። ሞተሩ ጋራዥ ከገባ እነሆ አምስት ወር ሆነው፤ ይህን ያህል የቆየ ሕመምተኛ በሆስፒታልም የለም። በሚያዝያ ግን ዓሣ የማጥመድ አምሮቱ ኩራቱን አሸነፈውና ወይዘሮ ኦፓል ለማጥመድ የሚቀመጡበት የሐይቁ ዳር የእንጨት መድረክ ድረስ ባርኔጣውን አውልቆ ሄደ።

እሳቸውም አስተማሩት። ሰው የጣለውን ትል መልቀም፣ ለሁለት መቁረጥ፣ ግማሹን ትንሽ የእርሳስ ብረት ራስ ባለው መንጠቆ ላይ መሰካት፣ በቀጭን ክር ወደ ውሃው መልቀቅ። ከዚያ ምንም አለማድረግ። ሃርላንን ያቃተው ይህ የመጨረሻው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ ብረት እየወረወረ፣ ጭቃ የያዘውን መኪና እንደሚጎትት ሰው ሲጎትት የኖረ ነው። ትሉ ሲወርድ ዝም ማለት፣ ሲቀመጥ ዝም ማለት፣ ክሩ ላይ የሚመጣውን ትንፋሽ የምታህል ንክኪ መጠበቅ ስድስት ሳምንት ፈጀበት።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ?... አዎ፣ አለሁ... ክብደቱ? ግማሽ አውንስ። አይ፣ ሦስት አራተኛ... ውሃውማ ጥርት ያለ ነበር... እ? በጠራ ውሃ ብረት ያስደነግጣቸዋል?... እንግዲህ እነዚህ አልደነገጡም፣ ምን ላድርጋቸው።

ኤልደን ሳቀ። ሳቁም አንድ የቆየ ሳቅ አስታወሰው።

— አንቀጽ አሥራ አራት?... እንዴት እረሳዋለሁ፣ እኔ አይደለሁ የጻፍኩት... ሄ ሄ... አዎ፣ ከአፍንጫዬ አንጠልጥዬው... ሄ ሄ... አዎ፣ አሮጊቷ...

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ የወጥ ቤቱን ግድግዳ አየ። ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ወይዘሮ ኦፓልም የማኅበሩ አባል ነበሩ። በተከታታይ ሁለት ውድድር ሃርላንን በግማሽ ትል በለጡት። በሚቀጥለው ሰኞ ሃርላን ፒዛ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ተነሥቶ፣ ግማሽ ትል ከአፍንጫው አንጠልጥሎ፣ ርዝመቱ ከአራት ኢንች ያነሰ ማጥመጃ የማኅበሩን ክብር ስለሚነካ ይከልከል የሚል ሐሳብ በአፍንጫው እያወራ አቀረበ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በእጅ ብልጫም ጸደቀ። ወይዘሮ ኦፓል ቦርሳቸውን አንሥተው፣ የበሉበትን ሳህን ወደ ማጠቢያው ወስደው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። በሚያዝያ ሃርላን መድረኩ ላይ ሲመጣባቸውም ስለዚያች ማታ አንዲት ቃል አላነሡም። ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡት።

የጎማው ጭስ ጉሮሯቸውን ያዘውና አሁን ሳሉ።

— ማን?... ማንም የለም... የምን ድምፅ?... እሱማ ቴሌቪዥኑ ነው።

በሃርላን ወጥ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን የለም። ወይዘሮ ኦፓል ይህን ያውቃሉ፤ ዞር ብለው ፍሪጁን፣ ምድጃውን፣ የዳቦ መጥበሻውን በየተራ አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በዜና አንባቢ ድምፅ፣ ነገ ከደቡብ መጠነኛ ነፋስ እንደሚነፍስ፣ ወደ ማታ ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ እንደሚጠበቅ፣ ገበሬዎችም ድርቆሻቸውን እንዲሰበስቡ ተናገሩ።

ሊቀልዱበት አልነበረም። ሃርላን ፊታቸውን አየው፤ ያውቀዋል። ስምንት ዓመቱ ሳለ፣ የምሳ ካርድ ሳይኖረው ሰልፍ ላይ ሲቆም፣ ማንም ሳያይ የተፈጨ ድንች ሳህኑ ላይ ጣል የሚያደርጉለት በዚህ ፊት ነበር። ውሸቱን እያገዙት ነው። ስለ ድርቆሹ ጨርሰው ወደ ሙቀቱ መጠን ገቡ።

— አዎ... የአየር ሁኔታ ነው... ኤልደን... ቆይ። አንዴ ቆየኝ።

ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈው።

— ወይዘሮ ኦፓል፣ ይተዉት። እባክዎ ይተዉት።

ተዉት። ሃርላን ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰ። ጆሮው እንደ ፍም ይግል ነበር።

— ሄሎ?... ቴሌቪዥን አይደለም። ወይዘሮ ኦፓል ናቸው... ዲንኪንስ፣ ሌላ የምታውቃት ኦፓል አለች?... አዎ፣ እኔ ቤት። ቁጭ ብለዋል... ሁሉንም። ሁሉንም ሰምተዋል፣ አብሬህ ስስቅም ነበሩ።

— ስማኝ፣ የጻፍከውን ሰርዝ... ብረት የለም። ብረቱን ከጀልባው ጋር ሸጬዋለሁ... ጀልባዬን ነዋ... ሞተሩ ጋራዥ አልገባም፣ ኤልደን። ሞተሩ ኔብራስካ ነው፣ የገዛው ሰውዬ ዘንድ።

ሃርላን የስልኩን ሽቦ ጣቱ ላይ ጠመጠመ፣ ፈታ።

— በትል። በጎማ ትል... ግማሹን... ግማሽ ነው ያልኩህ። ሁለት ኢንች ተኩል፣ ለክቼዋለሁ... አልገዛሁትም። ጀልባ ማውረጃው አጠገብ ካለው በርሜል ነው ያነሣሁት... ከቆሻሻው፣ አዎ... ያንተ ይመስለኛል። አረንጓዴው፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት... አዎ፣ ጅራቱን የተነከሰው። ጥሩ ትል ነበር፣ አትጣል ከእንግዲህ።

— ማጥመጃ ዘንጉ?... የልጅ ነው። ሰው አሮጌ ዕቃውን ጓሮው አውጥቶ ሲሸጥ የተገዛ... ሮዝ... ሰምተሃል፣ ሮዝ። እጀታው ላይ ቢራቢሮ አለው... ጻፈው። ቢራቢሮውንም ጻፈው።

ወይዘሮ ኦፓል ላይተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን አጣጥፈዋል።

— አውቃለሁ፣ አንቀጹ ይሰርዘኛል... አንተ ትሄዳለህ እንግዲህ፣ ሁለተኛ አንተ ነህ... አይ፣ እንደነበረ አትተወው። ነጭና ቢጫውን አጥፋ... ማን ይሰማል ትለኛለህ? የሰሙት ሰው እዚሁ ተቀምጠዋል... ደግሞ አስተማሪ የሚል ጨምርና ስማቸውን ጻፍ... ቦታ ከሌለው ከዳር ጻፈዋ።

ወደ ወይዘሮ ኦፓል ዞር አለ።

— ነገ ማታ አብረውኝ ቢመጡስ?

ወይዘሮ ኦፓል በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። በቁጣ አይደለም፤ ፓይ ይጨመር ወይ ተብሎ እንደ ተጠየቀ የጠገበ ሰው ነበር የነቀነቁት።

— አይመጡም... አልተቀየሙኝም አላልኩም፣ አይመጡም ነው ያልኩህ... እኔ እመጣለሁ። ቆሜ እናገራለሁ። ይሳቁ።

ኤልደን ግን አልሳቀም። የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የጠየቀው።

— ምን?... ያን ማታ?... ለምን እንዳደረግኩት?

ወይዘሮ ኦፓል የተጣጠፉ እጆቻቸውን ትተው ቀና ብለው አዩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቁትን ሌላ ሰው ጠየቀላቸው፤ መልሱን የሚጠብቁት ግን እሳቸውም ነበሩ። ሃርላን አፉን ከፈተ። መልሱ አጭር ነበር፤ ሁለት ጊዜ በልጠውታል፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ፊታቸውን እያየ ሊለው አልቻለም።

— አላብራራም... አይ፣ ለመዝገቡም አይደለም፣ ለማንም... አላብራራም አልኩህ፣ ኤልደን።

ስልኩን ዘጋው።