የ«ደህና ነኝ» ባዩ ይግባኝ

በኬንታኪ ተራሮች መካከል፣ በፓውፓው ጅረት ዳር፣ «እንዴት ነህ?» የተባለ ሰው መልሱ አንድ ነው። እግሩ ተቆርጦ በእጁ ይዞት ቢሆን እንኳ «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ኦርቢን ስቲልትነር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ደህና ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት በእንጨት መሰንጠቂያው እርጥብ ሳንቃ ሲጎትት ኖሮ ወገቡ ከተጎዳ፣ ጣቶቹም ከደነዘዙ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሥራውን ትቶ ቤት ውሏል። ግን ደህና ነበር።

በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከቤቱ በታች ካለው ድልድይ አጠገብ አንዲት አሮጌ መኪና ጎማዋ ተንፍሶ ቆመች። አንዲት ወጣት ሴት ወርዳ ክሪክ ስታወጣ ኦርቢን ከበረንዳው አያት። ሴት ልጅ ጎማ ስትፈታ ቁጭ ብሎ ማየት በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። ምርኩዙን ሆን ብሎ በረንዳው ላይ ትቶ፣ የደረጃውን ድጋፍ እየያዘ ወረደ።

«ተይው ልጄ፣ ይኼ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» አላት።

አምስቱ ደቂቃ አርባ ሆነ። የጎማ መፍቻው ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ። በሦስተኛው ኦርቢን ብሎኑን በቅርብ ለመመርመር ነው ብሎ ትርፍ ጎማው ላይ ተቀመጠ፤ ሲመረምርም ቆየ። ልጅቱ መፍቻውን አንስታ በአሥር ደቂቃ ጨረሰችው። እሱ ግን «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» እያለ አላረፈም፤ እሷም መጀመሪያውኑ ወደ ግራ እያዞረች ነበር።

«ወገቤ ብርድ ሲነካው እንዲህ ያደርገዋል» አለ በመጨረሻ።

ቀኑ ሞቃት ነበር። ልጅቱ ግን ጨዋ ነበረችና «ገብቶኛል፣ ጋሼ» አለችው።

ጣቢታ ፍሬሊ ትባላለች። ትምህርቷን ጨርሳ ወደ አገሯ የተመለሰች ልጅ ናት። ሥራዋም ታመው መሥራት ላቃታቸው ሰዎች የመንግሥትን የአካል ጉዳት ክፍያ ማመልከት፣ ሲከለከሉም ይግባኝ ብሎ አብሯቸው ዳኛ ፊት መቀመጥ ነው። ይህን ስትነግረው የኦርቢን ፊት ጠቆረ።

«የለማኞች ጠበቃ ነኝ በይኛ!»

«ጠበቃ እንኳ አይደለሁም፣ ወኪል ነኝ። ለማኝ ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም።»

ነገሩ በዚሁ ይቀር ነበር። ነገር ግን የኦርቢን ሚስት ኦኒዳ በረንዳው ላይ ቆማ «ዳኛ» የምትለዋን ቃል ሰምታ ነበርና «እጅሽን ሳትታጠቢና እህል ሳትቀምሺማ ከዚህ አትሄጂም!» ብላ ጮኸች። ኦኒዳ ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ቆማ አብስላለች። ሐኪሟ «ይህን መቆም ካላቆምሽ ጉልበቶችሽ አይሸከሙሽም» ካላት ከርሟል። ግን እሷ ካልቆመች ቤቱ በምን ይቆማል?

ባቄላውና የበቆሎው ዳቦ ጠረጴዛ ላይ እንደቀረበ፣ ኦኒዳ ከዳቦ ቆርቆሮው ውስጥ አንድ የታጠፈ ደብዳቤ አውጥታ በእንግዳዋ ሳህን አጠገብ አስቀመጠችው።

«እሱን ደግሞ ምን አመጣው?» አለ ኦርቢን።

«እግሬ» አለች ኦኒዳ።

ጣቢታ አነበበች። ኦርቢን ማመልከቻው ለሁለተኛ ጊዜ ውድቅ ተደርጎበታል። ዳኛ እንዲያየው ለመጠየቅ ስድሳ ቀን ተሰጥቶታል፤ ከዚያ ውስጥ የቀሩት አራት ናቸው።

«ሮብ ካለፈ እንደገና ከሀ ነው የሚጀመረው» አለች። «ጋሼ፣ ለምን ዝም አሉ?»

«እንቢ አሉኛ! እኔ ሁለት ጊዜ እንቢ ያለኝን ሰው ሦስተኛ አልለምንም። ድሮም ያመለከትኩት እሷ ነዝንዛኝ ነው።»

«መሥሪያ ቤቱ አልበደለዎትም። ያደረገው እርስዎን ማመን ነው» አለችና ኦኒዳ ያስቀረችውን የማመልከቻ ቅጂ አነሳች። «'በቀን ውስጥ ምን ይሠራሉ?' ይላል ጥያቄው። መልሱን ላንብበው? 'እንጨት እፈልጣለሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ሣር አጭዳለሁ። ጎረቤት እረዳለሁ። እሑድ በወፍራም ድምፅ እዘምራለሁ።' ጋሼ፣ ይኼን የጻፈው ሰውዬ ዛሬ ድልድዩ ጋ ቢደርስልኝ ኖሮ እጄን ባላቆሸሽኩ ነበር።»

ኦኒዳ አፏን በመሃረቧ ሸፈነች።

«እና ዋሸሁ ነው የምትይኝ?»

«እንጨት መጨረሻ የፈለጡት መቼ ነው?»

«እኔ እንጨት የምፈልጥ ሰው ነኝ።»

«መቼ?»

«ጎረቤታችን ሆበርት ነው የሚፈልጥልን» አለች ኦኒዳ። «ባሌ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ መጥረቢያ ይሰብካል።»

እዚህ ላይ አንባቢ በኦርቢን እንዳይፈርድ እለምናለሁ። ሰውየው ማንንም ሊያታልል አልፈለገም። «ምን ትሠራለህ?» ሲሉት «ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ያሉት መስሎት፣ እንደ ወንድ ልጅ መለሰ። እኛስ ብንሆን ስንቶቻችን ነን የታመምንበትን አልጋ ለጠያቂ ስንል አንጥፈን የምንነሣ?

«ስሚኝ ልጄ» አለ ኦርቢን ማንኪያውን አስቀምጦ። «አባቴ አንድ ዓይኑን አጥቶ እስከ ሞቱ ቀን ሠርቷል። ከመንግሥት ደጅ ቆሞ አያውቅም። እዚያ ማዶ ደግሞ ክሌል የሚባል አለ፤ ወገቤን ብሎ ይከፈለዋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ሲያጠምድ አየዋለሁ። ከእሱ ጋር ልቆጠር?»

«ክሌልን ያዩት ቅዳሜ ነው። እሑድና ሰኞ ከአልጋው ይነሣ አይነሣ እኔም እርስዎም አናውቅም። ዋሽቶ ከሆነ ግን የሌለውን ጨምሮ ነው የዋሸው። እርስዎ ደግሞ ያለውን ቀንሰው። ዳኛ ፊት ሁለቱም ውሸት ነው፤ ልዩነቱ የእርስዎ ውሸት የሚጎዳው እትዬ ኦኒዳን መሆኑ ነው።»

ኦርቢን ጆሮው ድረስ ቀላ።

«በገዛ ማዕዴ ውሸታም ተባልኩ?»

«አለዝባ ነው ያለችህ» አለች ኦኒዳ። «እኔ ብሆን እንዲህ አልልህም ነበር።»

ጣቢታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ይኼ ምጽዋት አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት ከእያንዳንዱ ደመወዝዎ የተቆረጠ ዋስትና ነው። ቤትዎ ቢቃጠል፣ ኢንሹራንስ ሲከፍሉ ኖረው፣ አመዱ ላይ ተቀምጠው 'ደህና ነኝ' ይላሉ?»

«ቤትና ሰው አንድ አይደለም።»

«አይደለም። ቤት እንደገና ይሠራል።» ትንሽ አሰበችና ጠየቀች። «አባትዎ እስከ ሞታቸው ቀን ሠሩ አሉኝ። እናትዎስ?»

እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች፣ የአባቱን ግማሽ ሥራ በጀርባዋ ተሸክማ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው የሞተችው። የአባቱን ጀግንነት ሲያወራ ስንት ዓመት ኖሯል፤ ያንን ጀግንነት ማን እንደተሸከመው ግን እስከዚያች ቀን አስቦት አያውቅም። ዓይኑ ወደ ጠረጴዛው ሥር ሄደ። ኦኒዳ ጫማዋን አውልቃ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ የካልሲው ጠርዝ አጎድጉዶታል።

«እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «ብዕር አምጪ።»

ብዕሩ ሁለት ጊዜ ከጣቱ ወደቀ። ጣቢታ አላነሣችለትም፤ ስሙን ለመጻፍ የፈጀበትን ደቂቃ በማስታወሻዋ ያዘች። ዋጋዋን ሲጠይቃትም «ከረታን ሕጉ የወሰነልኝን፣ ካልረታን ምንም» አለችው። ማክሰኞ ወረቀቱ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ለኦርቢን ትምህርት ቤት ሆኑበት። ጣቢታ መጀመሪያ ወደ ሐኪሙ ላከችው። «አንድም ነገር አይጨምሩ፣ አንድም ነገር አይቀንሱ» ብላ። ሐኪሙ ሰምቶ ሲያበቃ መነጽሩን አወለቀ። «ኦርቢን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ 'ደህና ነኝ' ስትለኝ እኔም 'ደህና ነው' እያልኩ ስጽፍ ነው የኖርኩት!» በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እውነት ነው፤ የደበቀ ማስረጃም የለውም። ሐኪሙ አዲስ ምርመራ አዘዘ፤ የአከርካሪው ፎቶም የሠላሳ አራት ዓመቱን ሳንቃ አንድ በአንድ ተናገረ።

የችሎቱ ቀን ሲቃረብ ሌላ ክርክር ተነሣ። ኦርቢን የእሑድ ሱፉን ካልለበስኩ አለ።

«ዳኛ ፊት እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ልቁም?»

«ይልበሱት እንጂ! ማን ከለከለ?» አለች ጣቢታ። «ቁልፉን ማን እንደቆለፈልዎት ግን ይናገሩ።»

ችሎቱ በነሐሴ ወር ነበር። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ከፊታቸው ወፍራም መዝገብ ተዘርግቷል።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ስቲልትነር?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህ…»

ጣቢታ ዓይኗን ከወረቀቷ አላነሣችም። ኦርቢን ከንፈሩን ነከሰ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክቡር ዳኛ። የልማድ ነገር ሆኖብኝ ነው። ደህና አይደለሁም። ሱፌን ሲያዩት ያምራል፤ ቁልፉን የቆለፈችው ባለቤቴ ናት። ካልሲዬንም እሷ ናት ያደረገችልኝ። እዚህ የመጣሁት በመኪናው የኋላ ወንበር ተኝቼ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ካልተጋደምኩ አልችልም።»

ዳኛው ገጽ ገለጡ። «በመጀመሪያው ቅጽ ላይ ግን እንጨት እፈልጣለሁ ብለዋል። የቱን ልመን?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ጣቢታ ነግራዋለች። መልሱን ግን አላስጠናችውም።

«ያ የዛሬ አራት ዓመት የነበርኩት ሰውዬ ነው» አለ ኦርቢን። «ናፍቆኝ ነው የጻፍኩት።»

ኦኒዳ አለቀሰች። ዳኛውም መልሱን መዝገቡ ላይ ጻፉት። ከዚያ ጣቢታ የሐኪሙን ወረቀት በቅደም ተከተል አሳየች። ችሎቱ ስለ ሥራ ዓይነቶች ሙያዊ ምስክርነት እንዲሰጥ የጠራውን ሰውም ጠየቀችው፦ በሥራ ሰዓት ሁለት ጊዜ መጋደም ያለበት፣ ብዕር በጣቱ የማይጸናለት ሰው የሚቀጠርበት ሥራ አለ? ሰውየው «የለም» አለ።

ፍርዱ በአምስተኛው ሳምንት በፖስታ መጣ፤ ረትቷል። ኦኒዳ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ሁለተኛውን ለውሾቹ ነው።

እንግዲህ አንዲት እውነት ምን ያህል እንደምትሠራ ተመልከቱ። ኦርቢን ለሐኪሙ በመናገሩ የእጁ አንጓ ላይ የታነቀ ነርቭ ተገኝቶ በቀላል ቀዶ ጥገና ተለቀቀ፤ ወገቡ ባይድንም ዛሬ የመዝሙር መጽሐፉን ራሱ ይይዛል። የወር ገቢው ለቤቱ ወጪ በቃ። የሰፈሩ ወንዶችም ደብዳቤ ሲደርሳቸው ዳቦ ቆርቆሮ ውስጥ መቅበር ትተዋል፤ ቀኑ ሳያልፍ ይግባኝ ይላሉ። አንድ እሑድ ጎረቤቱ ሆበርት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እስኪያጎነብስ ሳለና «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» አለ።

«ሆበርት» አለው ኦርቢን፣ «ለእኔ እንደፈለግህ ዋሸኝ። ለሐኪም ግን ነገ ጧት አብሬህ ሄጄ እኔ ነኝ የማሳጣህ።» አብሮትም ሄደ።

ኦኒዳ የትምህርት ቤቱን ሥራ የተሰናበተችው አርብ ነበር። ሰኞ ጧት ኦርቢን ቀድሟት ተነሣ። ከእሳቱ ጋር እየታገለ፣ ሦስቴ እያረፈ፣ የበቆሎ ዳቦ ጋግሮ አቀረበላት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ኦኒዳ በሰኞ ጧት ተቀምጣ ቁርስ ስትበላ የመጀመሪያዋ ነው። እግሯን ወንበር ላይ ሰቀለችና ቆርሳ ቀመሰች።

«እንዴት ነው?» አለ ኦርቢን እየጓጓ።

ኦኒዳ አላመጠች፣ አሰበች። «አርሯል» አለች። «መሃሉ ደግሞ ጥሬ ነው።»

ኦርቢን ወገቡን ይዞ እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ዳቦውንም ፍርፋሪ ሳታስቀር ጨረሰችው። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ድልድዩን ሲሻገር ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።