ወለሉ የማይታይ መዋኛ

ከሶዶ ወደ ሁምቦ ስወርድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ተበላሸ። የቆምንባትን ከተማ ስም አልጽፍም፤ ብጽፍ ነዋሪው ስለ ከተማው ክብር ይከራከረኝና ዋናውን ጉዳይ ይረሳዋል። ረዳቱ «ቆየት ይላል» ሲለን ከፀሐዩ ለመሸሽ ማዘጋጃ ቤቱ ወደሚያስተዳድረው መዝናኛ ገባሁ። መዋኛ ገንዳው ዳር ካለች ሻይ ቤት ጥላ ሥር ተቀመጥኩ።

ውሃውን ሳየው ሻዩን መልሼ አስቀመጥኩት። ከብት ጠጥቶ፣ ረግጦ የተወውን ኩሬ ይመስላል። በዚያ ውስጥ ልጆች ይንጫጫሉ። አንድ ጭንቅላት በጠለቀ ቁጥር እስኪመለስ ድረስ ትንፋሼን እይዛለሁ። ለገሰ የሚሉት ጥበቃ በሩ ላይ፣ ከቆሻሻ ክምር አጠገብ፣ ዱላውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ዐይኑ ወደ መንገዱ እንጂ ወደ ውሃው አይደለም።

አጠገቤ ሁለት ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። አንደኛው የከተማው ምክር ቤት አባል የሆኑት ሽማግሌው አቶ ኤርካሎ ናቸው። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ምክር ቤቱ መዋኛውን ለግል ድርጅት በውል ለመስጠት ድምፅ ሊሰጥ ነው፤ እሳቸው እንቢ ካሉ ብዙው ሰው እንቢ ይላል። ሌላዋ የእህታቸው ልጅ ሶፊ ናት። ሶዶ ውስጥ ነርስ ናት፤ የአጎቷን ሐሳብ ልታስለውጥ ፈቃድ ጠይቃ መጥታለች።

«አጎቴ፣ እባክዎን ውሃውን ይዩት።»

«አየሁት። ውሃ ነው።»

«ውሃ አይደለም፤ ሾርባ ነው!»

«ሾርባም ቢሆን የራሳችን ሾርባ ነው። ነገ ባለሀብቱ ያጥረውና ‹ትኬት› ይላል። ያኔ የእኔ ሳምራ በአጥር ቀዳዳ የሰው ልጅ ሲዋኝ እያየች ትቀራለች።»

ሳምራ የልጃቸው ልጅ ናት፤ ውሃው ውስጥ ከሚንጫጩት አንዷ። ቢጫ ቀሚሷና ጫማዋ ገንዳው ጠርዝ ላይ፣ እግራችን አጠገብ ተቀምጠዋል።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር እየሰማሁ ዝም ማለት አልችልም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፣» ብዬ ገባሁ፤ «በትኬት ዋኝታ በሕይወት ብትመለስልዎ ይሻላል ወይስ በነጻ ገብታ ብትሰምጥ?»

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ይሄ ደግሞ ማነው?»

«መምህር ነኝ፤ ከሶዶ።»

«ሶዶ ሰላምታ እንዲህ ነው የሚያስተምሩት? ገና ስሜን ሳታውቅ የልጄን ሞት ጠራህብኝ!»

ሶፊ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ጆሮዬ ጋለ። ሽማግሌው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማ መምህር። የጋራ ወፍጮ ነበረን። ለአንድ ነጋዴ ‹አስተዳድርልን› ብለን ሰጠነው። ሞተሩን ነቅሎ ሸጦ ጠፋ። ሚስቴ እህሏን ተሸክማ ሌላ ከተማ ድረስ ስትመላለስ ወገቧ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ‹ባለሀብት› የሚል ቃል ስሰማ እጄ ሳላዘው ኪሴን ይዳብሳል። ያስፈራኛል። ሞኝ ስለሆንኩ አይደለም።»

እውነት ነው፣ ሞኝነት አይደለም። የተዘረፈ ሰው ቢጠራጠር ማን ይፈርድበታል? እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሌባን እየፈራን ከሌባ የከፋውን ረስተናል። ማዘጋጃ ቤት የመንገዱ፣ የቆሻሻው፣ የመብራቱ ጣጣ እያለበት ገንዳም ላስተዳድር ሲል ገንዳውም አይጸዳም፣ ቆሻሻውም አይነሳም። ልጅ ቢሞትስ? ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ማንም አይጠየቅም። «የሕዝብ ነው» የምንለው ብዙ ጊዜ ማንም የማይጠየቅበትን ነገር ነው! ይህን ሁሉ ልናገር አፌን ስከፍት ሶፊ በእጇ አቆመችኝ።

«አጎቴ፣ ቡሬዋ ላም የት ናት?»

«ጎረቤቴ ጩማ ቤት። በሀራ።»

«ለምን ሰጧት?»

«ምን ታስለፈልፊኛለሽ፣ እዚህ አድገሽ ሀራን አታውቂም? እኔ ሣርም ጉልበትም የለኝም። እሱ ያበላታል፣ ወተቷን ይጠጣል። ስትወልድ እንካፈላለን። ላሟ የእኔ ናት።»

«እሱ በረት ስለምታድር የእሱ አትሆንም?»

«እስቲ ይሞክራትና! በምስክር ፊት ነው የሰጠሁት። እየሄድኩም አያታለሁ። ጎድኗ ከወጣ በዚያው ቀን ጎትቼ እወስዳታለሁ።»

«ወፍጮው ሲሰጥ ምስክር ነበረ? ከእናንተስ ማን ሄዶ አየው?»

ሽማግሌው ወደ ገንዳው አመለከቱ። «ላም እኮ ትታያለች፤ የዚህ ጎድኑ የቱ ነው?» አሏት።

ሶፊ ተነሥታ ከሻይ ቤቱ ነጭ ሳህን አመጣች። ጠርዙ ላይ ተንበርክካ ውሃው ውስጥ ከተተችው። ክርኗ ሳይርስ ሳህኑ ጠፋ። ለቀቀችው።

«ይኸው ጎድኑ። ሳህኑ ወለሉ ላይ ካልታየ ልጅም አይታይም።»

አቶ ኤርካሎ ሳህኑ የጠፋበትን ቦታ አዩ። ቀጥሎ ቢጫውን ቀሚስ። ቀጥሎ ልጆቹን።

«ሳምራ!»

መልስ የለም። ልጆቹ ዙሪያቸውን አዩ።

«ሳምራን ማን አያት?»

«አሁን እዚህ ነበረች፣» አለ አንዱ ልጅ፤ በጣቱም ወደ ደፈረሰው ውሃ አመለከተ።

ለገሰ ሮጦ መጣና ጠርዙ ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ!» ጮኹበት ሽማግሌው።

«ጋሼ፣ እኔ ዋና አልችልም። የተቀጠርኩት ለበሩ ነው።»

እኔም አልችልም። ያን ሁሉ ልናገር አፌን የከፈትኩ ሰው ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ቆሜ ቀረሁ። ሶፊ ከነልብሷ ወረደች፤ ውሃው ደረቷ ድረስ ደረሰ፤ ዐይኗ ስለማይጠቅማት በእግሯ ትዳብሳለች። ሽማግሌው ተንበርክከው ቀሚሱን ጨብጠዋል። ውሃው የራሳችንን ፊት እንጂ ሌላ ምንም አላሳየንም።

«አባባ፣ ምን ጠፋብህ?»

ከልብስ መለወጫው ጀርባ ነበር የመጣችው። ቀሚሷን ውሃ ስላረጠበው የጓደኛዋን ለብሳ ሸንኮራ ትመጥጥ ነበር። ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው አልተቆጧትም፤ እርጥብ ራሷን ደረታቸው ላይ ደግፈው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ። ሶፊ ውሃው ውስጥ እንደቆመች አለቀሰች።

«ቀሚሷ እዚህ፣ እሷ እዚያ፣» አሉ በመጨረሻ። «መሃሉ ላይ ምን እንዳለ ማናችንም አላየንም። እሰጣለሁ። ግን በሀራ ሥርዓት እንጂ በወፍጮው ሥርዓት አይደለም!»

እዚያው ቆመው ውሉን ተናገሩ። ገንዳው የከተማው ሆኖ ይቀጥላል፤ አስተዳዳሪው ወተቱን ይጠጣ፤ ውሉ በሕዝብ ፊት ይነበብ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አቅም ለሌላቸው ልጆች በነጻ ይከፈት፤ ዋና የሚችል ሰው ፊቱን ወደ ውሃው አድርጎ ይቀመጥ፤ ምክር ቤቱ እየሄደ ይይ፤ ሳህን የማይታይበት ቀን ግን ውሉ ፈረሰ።

«እኔስ?» አለ ለገሰ በፈራ ድምፅ።

«አንተ ዋና ትማራለህ።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሐሳቤን ቀይሬ የለም እንዴ?»

ከክረምቱ በኋላ በዚያው መንገድ ሳልፍ ሚኒባሱን ራሴ አስቁሜ ወረድኩ። ቅዳሜ ነበር። በሩ ላይ ትኬት የሚጠይቅ የለም። ውሃው ጠርቷል። አንድ ወጣት ፊቱን ወደ ልጆቹ አድርጎ ቆሟል፤ ለገሰ ጥልቀት በሌለው በኩል ጠርዙን ይዞ እግሩን ያንፈራግጣል፤ ልጆች ይስቁበታል። ማዘጋጃ ቤቱ ከገንዳው ጣጣ ስለተገላገለ ከበሩ ፊት የነበረው የቆሻሻ ክምር ተነሥቷል። ይህ ሁሉ የመጣው ሰው ስላመኑ አይደለም፤ የሰጡትን ነገር ሄደው ስለሚያዩ ነው። ሳያዩ የሚሰጡም፣ ማየትን ፈርተው የማይሰጡም ይህን ይስሙ!

አቶ ኤርካሎ ጠርዙ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ገንዳው ሲጸዳ የተገኘውን ሳህን ራሳቸው መልሰው ውሃው ውስጥ ጥለውታል፤ ወለሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ሳምራ ልትነካው ጠለቀች። ሽማግሌው ክንዴን ያዙ፤ ጥፍራቸው ተሰማኝ። ወጣቱም ወደ ጠርዙ ቀረበ። ከታች ትንሿ እጅ ወደ ሳህኑ ስትዘረጋ ሁላችንም እናያለን።

«ትታየኛለች፣» አሉ አቶ ኤርካሎ በሹክሹክታ። እስክትወጣ ድረስ ክንዴን አልለቀቁም። «ትታየኛለች።»