አንድ ሰሃን ቀይ ሥር

ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንድ አዛውንት አጠገባቸው ለተቀመጠች ሴት ያወራሉ፤ እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ እሰማለሁ።

«ሽንቴ ደም መስሎ ወረደ። አለቀልኝ ብዬ የነፍስ አባቴን አስጠራሁ።»

«በስመ አብ! ተናዘዙ?»

«ተናዘዝኩ እንጂ! በማሳ ድንበር ተጣልተን ዘጠኝ ዓመት የዘጋሁትን ወንድሜን ሳይቀር አስጠርቼ እግሩ ላይ ወደቅሁ።»

«ከዚያስ አባባ?»

«በማግስቱ ሐኪም ቤት ሲወስዱኝ ሐኪሙ ‹ምን በልተው ነበር?› አለኝ። ምራቴ ለጾም ቀይ ሥር ቀቅላልኝ ነበር።»

«ቀይ ሥር ሽንት ያቀላል?»

«ያቀላል አለኝ። ሌላ ሕመም የለብኝም።»

«ታዲያ እርቁ?»

«በመስቀል ፊት የታረቁት ይፈርሳል እንዴ? የአምላክ ሥራ ግሩም ነው ልጄ! ስንት ሽማግሌ ያቃተውን አንድ ሰሃን ቀይ ሥር ጨረሰው።»

ሞላሌ ስወርድ፣ ያኮረፈኝን ወንድሜን እያሰብኩ አንድ ኪሎ ቀይ ሥር ገዛሁ።