በጓሮ በር የገባች እንግዳ

(ቅዳሜ፣ ምሳ ሊቀርብ ሲል፤ ድሮ የባላባት ቤት የነበረና አሁን ሆቴል የሆነ የገጠር ድንጋይ ቤት፣ ፎቅ ላይ ያለ መኝታ ክፍል። ይልቃል መስኮቱን ተደግፎ ቆሟል። ከአራት ወር በፊት ጥላው ወንድሟ ቤት የገባችው ሚስቱ ትርንጎ ነጠላዋን እንኳ አላወረደችም።)

ትርንጎ፦ ቀጥ ብለህ መልስልኝ። ያን የሚያህል በር ፊት ለፊት ተከፍቶ እኔን በጓሮ ያስገባኸኝ ለምንድን ነው?

ይልቃል፦ ፊት ለፊቱ ጭቃ ነው አልኩሽ እኮ።

ትርንጎ፦ እና በጓሮ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የገባሁት ማር ውስጥ ነው?

ይልቃል፦ በናትሽ፣ ትርንጎዬ። ሁለት ቀን ነው ያለን። ሥራ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ እኔና አንቺ ብቻ። ይሄ እኮ የባላባቱ የራሳቸው እልፍኝ ነበር።

ትርንጎ፦ በእሳቸው ጊዜ በጓሮ የሚገባው ማን ነበር?

ይልቃል፦ እኔ ምን አውቃለሁ?

ትርንጎ፦ እኔ አውቃለሁ። እንጨት ተሸካሚና ወጥ ሠሪ።

ይልቃል፦ ይልቅ አልጋውን እዪው።

ትርንጎ፦ አየሁት። አበባውን እንዲህ የቀነጣጠሰው ሰው ነው ፍየል?

ይልቃል፦ ጽጌረዳ ነው። ለሙሽሮች እንዲህ ያነጥፋሉ።

ትርንጎ፦ የአሥራ አንድ ዓመት ሙሽራ! ማን ይጠርገው ይሆን? መቼም አንተ ሠራተኛ አታጣም።

ይልቃል፦ ጀመርሽ።

ትርንጎ፦ አንተ የጀመርከውን ነው።

ይልቃል፦ አንዲት ቃል ናት። አመለጠችኝ።

ትርንጎ፦ ካፍ የወጣ አፋፍ። አለቆችህን ምሳ ጠራህ። እኔ ከንጋት ጀምሬ ዶሮ ስገነጥል፣ ሽንኩርት ሳቁላላ አረፈድኩ። ትሪውን ይዤ ብቅ ስል አቶ ምንተስኖት «ይቺ ማን ናት?» አለህ። ምን ብለህ መለስክ?

ይልቃል፦ ታውቂዋለሽ።

ትርንጎ፦ ካንተ አፍ ልስማው።

ይልቃል፦ ተዪኝ እስቲ።

ትርንጎ፦ «ሠራተኛችን ናት፤ ባለቤቴ ቤተሰብ ጥየቃ ሄዳለች» አልክ። እኔም ውሃ ይዤ ዞሬ አስታጠብኳቸው።

ይልቃል፦ ራስሽ ቅቤ፣ ቀሚስሽ በርበሬ! የእነሱን ሚስቶች አለባበስ አይተሻል? ደነገጥኩ።

ትርንጎ፦ የሰውየው ሚስት ወጥ ቤት ድረስ መጥታ «ይሄን ቤት ተዪና እኔ ዘንድ ነይ» አለችኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ እሰማ ነበር። የኔው ባሰ፤ ከጅቡ ጋር አስተዋወቀኝ።

ይልቃል፦ ይቅርታ ልልሽ አይደል እዚህ ያመጣሁሽ?

ትርንጎ፦ ወንድሜ እጅጉ አራት ወር ሙሉ ሽማግሌ ጠበቀ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወንበር ይደረድር ነበር። ሦስት ሰው መላክ ከበደህ?

ይልቃል፦ የቤታችንን ገመና ለምን ሽማግሌ ፊት እናዝረክርከው?

ትርንጎ፦ ውርደቱ በአደባባይ፣ ይቅርታው በመጋረጃ!

ይልቃል፦ ስጦታም አለሽ። እንቺ፣ ክፈቺው።

ትርንጎ፦ ምንድን ነው ይሄ? የሞተ ድመት?

ይልቃል፦ ዊግ ነው። ከሥሩ ጥቁር መነጽር አለልሽ።

ትርንጎ፦ በዚህ ጉም መነጽር?

ይልቃል፦ ያምርብሻል። ፍጹም ሌላ ሰው ነው የምትመስዪው።

ትርንጎ፦ ሌላ ሰው። ይልቃል፣ ከመስኮቱ ዘወር በል።

ይልቃል፦ ብርድ ይገባል።

ትርንጎ፦ ዘወር በል አልኩህ! ያ ዣንጥላ የተያዘለት አቶ ምንተስኖት አይደለም? ሚስቱም አለች። ከኋላ ያሉት ሁለቱም ቤቴ የበሉ ናቸው።

ይልቃል፦ ልነግርሽ ነበር።

ትርንጎ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ተናገር።

ይልቃል፦ መሥሪያ ቤቱ ነው የጠራን፣ ከነባለቤታችን። አቶ ምንተስኖት «ቤቱን ያልያዘ ቅርንጫፍ አይዝም» ይላሉ። የአዲሱ ቅርንጫፍ ሹመት ዛሬ ምሳ ላይ ይቆረጣል። ሚስቴ ከጎኔ ካልታየች ለሌላ ሰው ሄደ ማለት ነው።

ትርንጎ፦ ችግሩ ሰዎቹ እኔን የሚያውቁኝ በሠራተኛነት መሆኑ ነው።

ይልቃል፦ ለዚህ እኮ ነው ዊጉ! ብዙም አታውሪ፣ ድምፅሽን እንዳይለዩት። አንድ ምሳ ብቻ!

ትርንጎ፦ ያን ቀን ሚስትነቴን ካድክ፤ ዛሬ ፊቴን። ለመሆኑ ስሟ ማን ነው?

ይልቃል፦ የማን?

ትርንጎ፦ የዚህች ዊግ ያላት ሚስትህ። ለአለቆችህ ማን ትባላለች አልካቸው?

ይልቃል፦ ሜሪ።

ትርንጎ፦ ሜሪ! ትርንጎ ያለችኝ እናቴ ይህን ሳትሰማ ማረፏ ተመስገን ነው።

ይልቃል፦ ሹመቱ እኮ ላንቺም ነው። ምን እያደረግሽ ነው?

ትርንጎ፦ መቀነቴን ላጥብቅ። ያን ቀን እንዲህ ነበር የታጠቅሁት? ነጠላዬንም እንዲህ አደግድጌ። በዚህ በደንብ ያውቁኛል።

ይልቃል፦ ልታጠፊኝ ነው! ነይ፣ በጓሮ ላስወጣሽ። አሁኑኑ ወንድምሽ ቤት አደርስሻለሁ።

ትርንጎ፦ በጓሮ መግባቴ ይበቃል። የምወርደው በትልቁ ደረጃ ነው።

ይልቃል፦ እኔስ? ምን ልበላቸው?

ትርንጎ፦ ያን ቀን ምን እንዳልካቸው፣ እኔም ማን እንደሆንኩ በራስህ አፍ ንገራቸው። ከተናገርክ ዛሬውኑ ቤቴ እገባለሁ። ካፈርክ፣ ውሃና ሳህኑን ካስተናጋጁ ተቀብዬ ዞሬ አስታጥባቸዋለሁ። ሜሪን አንተ ፈልጋት። ዊጉንም ራስህ አጥልቀው፣ ራስ በራህን ይሸፍንልሃል።

ይልቃል፦ በአራት ሰው ፊት?

ትርንጎ፦ ለሽማግሌ ሦስት ይበቃኝ ነበር፤ አንዱ ምርቃት ነው። ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ቅደም።